የሕፃናት የዳሌ ውልቃትና የማሰሪያ ሕክምናው

ሕፃን ሲወለድ ቤተ ዘመድ በመጀመሪያ የሚያየው መልኩን ነው። ቀጥሎ የእጅና የእግር ጣቶቹ ይቆጠራሉ። ዳሌውን የሚያይ ግን የለም። በዚህ ማንም አይወቀስም፤ ምክንያቱም ገና የተወለደ ሕፃን ዳሌው ወልቆም ቢሆን አያለቅስም፣ ጡት መጥባቱን አይተውም፣ እግሩም አያብጥም። ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ልጁ ቆሞ መሄድ ሲጀምርና ሲያነክስ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ቀላሉ ሕክምና የሚሰጥበት ጊዜ አልፏል።

ዛሬ ለእናንተ ለባልና ሚስት የምንጽፍላችሁ ስለዚሁ ቀላል ሕክምና ነው። ሕክምናው ከጨርቅ በተሠራ ማሰሪያ የሚሰጥ ሲሆን ቢላዋም ሆነ ማደንዘዣ የለበትም። ሆኖም በጊዜ ካልተጀመረ፣ ሳይፈታ ካልቆየና በየጊዜው በባለሙያ ካልታየ አይሠራም። የቤት ውስጡ ድርሻ ከሐኪሙ ድርሻ አያንስም።

ለመሆኑ የዳሌ ውልቃት ምንድን ነው?

የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ እንደ ኳስ ድቡልቡል ነው። ይህ ኳስ የሚቀመጠው በዳሌ አጥንት ላይ እንደ ሲኒ በተጎደጎደ ቦታ ውስጥ ነው። ስንራመድ፣ ስንቀመጥ፣ ስንሰግድ ኳሱ በሲኒው ውስጥ ይዞራል። በአዋቂ ሰው ሲኒው ጥልቅና ጠንካራ ስለሆነ ኳሱ በቀላሉ አይወጣም። በአራስ ሕፃን ግን ኳሱም ሆነ የሲኒው ጠርዝ በአብዛኛው ልም አጥንት ነው፤ ይኸውም እንደ ጆሮአችን ቅጠል የሚተጣጠፍ ለስላሳ አጥንት ማለት ነው።

ሲኒው ትክክለኛ ቅርጹን የሚይዘው ኳሱ በውስጡ ተቀምጦ ሲንቀሳቀስበት ነው። ሸክላ ሠሪ እርጥቡን ጭቃ በእጇ እያዞረች እንደምታጎደጉደው መሆኑ ነው። ኳሱ ከቦታው ከወጣ ሲኒው የሚያጎደጉደው አጥቶ ጠፍጣፋ ሆኖ ያድጋል። ጠፍጣፋ ሲሆን ደግሞ ኳሱን መያዝ ያቅተዋል። እንዲህ እያለ አንዱ ሌላውን ያባብሳል። የአንዳንዱ ሕፃን ሲኒ ጥልቀት ብቻ ይጎድለዋል፤ የአንዳንዱ ኳስ ሲነካ ይንሸራተታል፤ የአንዳንዱ ደግሞ ጨርሶ ወጥቶ ይገኛል።

ጨርሶ የወለቀ ዳሌ በብዙ አገሮች ከ1,000 ሕፃናት በ1 ወይም በ2 ላይ ይታያል። በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላላ የሚል ዳሌ ያላቸው ግን ከዚህ በብዙ ይበልጣሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1962 እንዳሳየው ከነዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከቀሩትም አብዛኞቹ በሁለት ወር ውስጥ በራሳቸው ይጠነክራሉ። ስለዚህ በተወለደ በማግሥቱ “ዳሌው ላላ ብሏል” ብትባሉ አትደንግጡ። ነገር ግን “ይጠነክራል” ብሎ ሳያሳዩ መቅረትም አይገባም።

በማን ላይ ይበዛል?

ሴቶች ሕፃናት ከወንዶቹ አራት እጥፍ ያህል ይበልጥ ይጠቃሉ። ከወሊድ በፊት የእናትን ጅማቶች የሚያላሉት ንጥረ ነገሮች በሴቷ ሕፃን ላይ ይበልጥ ስለሚሠሩ ነው ተብሎ ይታሰባል። የመጀመሪያ ልጅ ከሆነች፣ በማኅፀን ውስጥ በመቀመጫዋ ከነበረች ወይም የሽርት ውኃው ጥቂት ከነበረ ሥጋቱ ይጨምራል፤ ምክንያቱም በጠበበ ቦታ እግሮቿን እንደ ልቧ ማንቀሳቀስ አትችልም። ከሁለቱ ዳሌዎች ደግሞ የግራው ነው ይበልጥ የሚጎዳው።

ሌላው በዘር የሚመጣው ነው። ከወላጆቹ ጤናማ ሆነው አንድ ልጃቸው ዳሌው የወለቀ ከሆነ በሚቀጥለው ልጅ ላይ የመድረሱ ዕድል ከ100 ወደ 6 ነው። ከወላጆቹ አንዱ በሕፃንነቱ ታሞ ከነበረ ወደ 12 ይደርሳል። ወላጅም ልጅም ታመው ከነበረ 36 ይሆናል። ስለዚህ ባልም ሆነ ሚስት በልጅነታቸው ያነክሱ የነበሩ እኅት ወይም አክስት ካሏቸው ይህን በእርግዝና ክትትል ጊዜ ይንገሩን። ነገሩ የሚያሳፍር አይደለም፤ ለሕፃኑ የሚጠቅም መረጃ ነው።

አንቀልባና መጠቅለያ

ይህ ችግር በሁሉም አገር እኩል አይደለም። ሕፃን እግሩ ተቃንቶ፣ ሁለቱ ጉልበቶቹ ተጣብቀው በሚጠቀለልበት አገር ይበዛል። በጃፓን ሕፃናትን እግር አቃንቶ መጠቅለልና መጠበቅ የተለመደ ነበር፤ ከእ.ኤ.አ. 1965 በፊትም ከ100 ሕፃናት ከ1 እስከ 3 የሚበልጡት ዳሌያቸው የወለቀ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ሐኪሞችና አዋላጆች “የሕፃኑን እግር አታቃኑ” የሚል ዘመቻ በአገር አቀፍ ደረጃ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ከ1,000 ሕፃናት ወደ 2 ገደማ ወረደ። ይህ ሁሉ ለውጥ የመጣው በመድኃኒት ሳይሆን በአስተቃቀፍና በአስተሻሸግ ልማድ ነው።

ሕፃን እግሩን አንፈራጥጦ በእናት ጀርባ ላይ በሚታዘልበት አገር ደግሞ እጅግ ያንሳል። በማላዊ የሚሠሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ በአንድ የሕፃናት አጥንት ሕክምና ሆስፒታል በአሥር ዓመት ውስጥ ለዚህ ችግር ቀዶ ሕክምና ያስፈለገው ልጅ እንዳላገኙ ገልጸው፣ ማዘል አንዱ ምክንያት ሳይሆን እንደማይቀር ጽፈዋል። የእኛ አንቀልባም ሥራው ይኸው ነው። የሕፃኑ ጉልበቶች ታጥፈው የእናቱን ወገብ ግራና ቀኝ ሲያቅፉ ኳሱ በሲኒው መካከል ይቀመጣል። እናቶቻችን ስለ ሲኒና ኳስ ማንም ሳይነግራቸው ልጆቻቸውን በደህና አሳድገዋል። እኔም በሥራ ዘመኔ ያየኋቸው እንዲህ ያሉ ሕፃናት ጥቂት ናቸው።

ሆኖም ሕፃኑ አንቀልባ ላይ የሚወጣው አንገቱ ጠንከር ካለ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት በብዙ ቤት የሚደረገው ሌላ ነው። “እግሩ እንዳይወላገድ” ተብሎ በቅቤ እየታሸ ይሳባል፤ ከዚያም እግሮቹ ተገጥመው በነጠላ እንደ በትር ይጠቀለላል። አያቶች አይቀየሙኝና፣ ይህን እንድንተወው ያስፈልጋል። የአራስ ሕፃን እግር የታጠፈ የሚሆነው ዘጠኝ ወር እንዲያ ስለኖረ ነው፤ በራሱ ጊዜ ይቃናል። መጠቅለሉ ካስፈለገ ከወገብ በላይ ይጠቅለል፤ ከወገብ በታች ግን ጉልበቱን አጥፎ እንዲራገጥ ቦታ ይተውለት። ማሸቱም ክፋት የለውም፤ እግሩን መሳቡ ነው የሚቀረው።

በምን ይታወቃል?

ባለሙያው ሕፃኑን በጀርባው አስተኝቶ ጉልበቶቹን ያጥፋል፤ ከዚያ ጭኖቹን በዝግታ ወደ ውጭ ይከፍታል። የወጣ ኳስ ወደ ቦታው ሲመለስ በእጅ የሚሰማ መንሸራተት አለው። ይህን ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1937 ያስተዋወቀው ኦርቶላኒ የተባለ ጣሊያናዊ የሕፃናት ሐኪም ነው። ኳሱ በቦታው ሆኖ መውጣት አለመውጣቱን የሚፈትነው ሌላው ምርመራ ደግሞ ከላይ የጠቀስነው የባርሎው ነው። እባካችሁ ይህን በቤታችሁ አትሞክሩት። ደጋግሞ መግፋት ደህናውን ዳሌ ሊያላላው ይችላል። ጉልበት ወይም ዳሌ አካባቢ “ጠቅ” የሚል ድምፅ ብቻውን ሕመም አለመሆኑንም እወቁ።

እናንተ በቤት የምታዩት ሌላ ነው። ሕፃኑ ሁለት ሦስት ወር ሲሞላው የሽንት ጨርቅ ስትቀይሩ አንዱ ጭን እንደ ሌላው አልከፈትም ካለ፣ ጉልበቶቹን አጥፋችሁ እግሮቹን ስታቆሙ አንዱ ጉልበት ዝቅ ብሎ ከታየ፣ ወይም አንዱ እግር ከሌላው አጥሮ ከተገኘ አምጡት። የጭን ላይ እጥፋቶች አለመመሳሰል ብዙ ጤናማ ሕፃናትም ላይ ስለሚታይ ብቻውን አያስጨንቃችሁ፤ ግን አሳዩን። አንድ ዓመት አልፎት ቆሞ የሚሄድ ልጅ ሲያነክስ፣ በአንድ እግሩ ጣት ብቻ ሲረግጥ ወይም እንደ ዳክዬ እየተወዛወዘ ሲሄድ “ሲያድግ ይተወዋል” አይባልም።

ለዚህ ምርመራ የተለየ ቀጠሮ አያስፈልግም። ሕፃኑ ለ45 ቀን ክትባት ሲመጣ፣ እናትም ከወሊድ በኋላ ላለው ምርመራዋ ስትመጣ “ዳሌውን እዩልን” በሉ። ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ነገር ነው። ደግሞም ጊዜው ተስማሚ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ዕድሜ ዳሌ በአልትራሳውንድ በግልጽ ይታያል። ይህን የአልትራሳውንድ ዘዴ ኦስትሪያዊው ሐኪም ግራፍ እ.ኤ.አ. በ1980 ነበር ያቀረበው። ራጅ ግን ልም አጥንትን ስለማያሳይ ከአራት እስከ ስድስት ወር ካልሆነው በስተቀር ብዙ አይጠቅምም።

ማሰሪያው እንዴት ይሠራል?

በፊት ጊዜ የወለቀ የሕፃን ዳሌ በኃይል ተጎትቶ ከገባ በኋላ እግሮቹ በጣም ተከፍተው በጀሶ ይታሰሩ ነበር። ዳሌው ይገባል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ወደ ኳሱ የሚሄደው ደም ይቋረጥና አጥንቱ ይሞታል። አርኖልድ ፓቭሊክ የተባለ የቼክ አገር የአጥንት ሐኪም ይህን ጉዳት እያየ ሌላ መንገድ አሰበ። ሕፃን ጉልበቱንና ዳሌውን አጥፎ ከተያዘ ጭኖቹ በራሳቸው ክብደት ቀስ እያሉ ወደ ጎን ይከፈታሉ፤ ሲራገጥም ኳሱ ያለ ኃይል ወደ ሲኒው ይገባል። በዚህ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ማሰሪያውን ሠራ። ስሙንም “እርካብ” አለው፤ የሕፃኑ እግሮች ፈረስ ላይ እንደተቀመጠ ሰው በእርካብ ውስጥ ይገባሉና። ዛሬ በመላው ዓለም የፓቭሊክ ማሰሪያ ይባላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ደረት ላይ፣ በጡቶች ልክ የሚዞር ሰፊ መቀነት አለው። ይህን ከትከሻ የሚያንጠለጥሉ ሁለት ማንገቻዎች አሉ። እግሮቹ በሁለት ለስላሳ የጨርቅ ጫማዎች ውስጥ ይገባሉ። ከየጫማው ወደ ደረቱ መቀነት ሁለት ጠፍር ይወጣል። የፊተኛው ጉልበቱ ከፍ ብሎ እንዲታጠፍ ያደርጋል። የኋለኛው ደግሞ ጉልበቶቹ ወደ መካከል እንዳይገጥሙ ይከለክላል። እግሩን ግን አያስረውም፤ ሕፃኑ መራገጥ ይችላል፤ መራገጥም አለበት። መድኃኒቱ ራሱ እንቅስቃሴው ነው። ሁለትና ሦስት የሽንት ጨርቅ መደራረብ ይህን ሥራ አይሠራምና በዚያ ጊዜ አታጥፉ።

ብዙውን ጊዜ ማሰሪያው ሌሊትና ቀን ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ሐኪሙ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ያየዋል፤ በአልትራሳውንድም ይከታተላል። ሲኒው ጥልቀት ብቻ የጎደለው ወይም ኳሱ የሚንሸራተት ከሆነ ከ10 ሕፃናት ከ9 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። ጨርሶ የወጣ ከሆነ ውጤቱ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም አብዛኞቹ ይድናሉ። በሦስት ወይም በአራት ሳምንት ውስጥ ኳሱ ካልገባ ሐኪሙ ማሰሪያውን አውልቆ ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። “ትንሽ ይቆይ” ብላችሁ አትለምኑት፤ የወጣ ኳስ በማሰሪያ ውስጥ ብዙ ከቆየ የሲኒውን ጠርዝ እየገፋ ያበላሻል።

ስድስት ወር ካለፈ ሕፃኑ ይጠነክራል፣ ይገለበጣል፣ ይድሃል፤ ማሰሪያው አይዘውም። ከዚያ በኋላ በማደንዘዣ ዳሌው እንዲገባ ተደርጎ ከወገብ እስከ እግር ለወራት በጀሶ ይያዛል። መሄድ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ቀዶ ሕክምና፣ አንዳንዴም አጥንት መቁረጥ ያስፈልጋል። ምንም ሳይታከም የቀረ ዳሌ ማንከስን፣ ከጊዜ በኋላም በጉልምስና ጊዜ ሕመምንና የመገጣጠሚያ መበላትን ያመጣል።

ማሰሪያው ከታሰረ በኋላ በቤት ውስጥ

ይህን ክፍል አባትም እንዲያነበው እንጠይቃለን። የሚበዙት ሴቶች ሕፃናት ስለሆኑ እኛም “ሕፃኗ” እያልን እንቀጥል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ልትነጫነጭ ትችላለች። አቀማመጧ ስለተለወጠባት እንጂ አሟት አይደለም። ከዚያ በኋላ ትለምደዋለች፤ እንዲያውም ከወላጆቿ ቀድማ ትለምደዋለች።

ሐኪሙ ለእጥበት እንዲፈታ ካልፈቀደ በስተቀር ገንዳ ውስጥ አትታጠብም። ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጨርቅ አንገቷን፣ ብብቷን፣ ብሽሽቷንና ከጉልበቷ በስተኋላ ያለውን እጥፋት አብሱ፤ በደረቅ ጨርቅም አድርቁ። ቅቤ፣ ቅባት ወይም ፓውደር ከማሰሪያው ሥር አይደረግም፤ ከላብ ጋር ተደባልቆ ቆዳዋን ይልጠዋል። ስስ የጥጥ ካናቴራ ከማሰሪያው ሥር፣ ረጅም ካልሲም ከጫማው ሥር አልብሷት። የሽንት ጨርቁ ከጠፍሮቹ ሥር ይታሰራል። ከላይ ሰፊ ቀሚስ ይበቃል፤ እግሮቿን የሚያቀራርብ ጠባብ ሱሪ አይሆንም።

የሽንት ጨርቅ ስንቀይር አብዛኞቻችን ሁለቱን እግር በአንድ እጅ ይዘን ወደ ላይ እናነሣለን። ለዚህች ሕፃን ይህ ክልክል ነው። እጃችሁን ከመቀመጫዋ ሥር አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ አንሷት። ስትተኛ በጀርባዋ ትተኛ፤ በጎን ከተኛች የላይኛው እግር ወደ መካከል ይወድቃል። ከባድ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ በጉልበቶቿ ላይ አትጫኑ። ስትታቀፍ እግሮቿ የእናቷን ወይም የአባቷን ሆድ ግራና ቀኝ ያቅፉ። ጡት ስትጠባም እግሮቿ እንደተራራቁ ይሁኑ፤ ከብብት ሥር አድርጋችሁ ወይም ትንሽ ቀና አድርጋችሁ ብትሞክሩ ይመቻችኋል። ስለ አንቀልባ ግን ማሰሪያው እስካለ ድረስ ሐኪሙን ጠይቁ፤ አጥብቆ ማዘል ጠፍሮቹን ሊያንሸራትት ይችላል።

ሐኪሙ ጠፍሮቹ የሚያዙበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት ያደርግበታል። ከዚያ ምልክት ማሳጠርም ሆነ ማርዘም የእናንተ ሥራ አይደለም። ዳሌዋ ከልክ በላይ ከታጠፈ በጭኗ ፊት ያለው ነርቭ ይጨነቃል፤ ጭኖቿ ከልክ በላይ ከተከፈቱ ደግሞ ያ የድሮው የደም መቋረጥ ይመጣል። የሳምንቱ ቀጠሮ አስፈላጊ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ሕፃን በየሳምንቱ ስለሚያድግ በባለፈው ሳምንት ልክ የነበረው ጠፍር ዛሬ አጭር ሊሆን ይችላል።

በየቀኑ አንድ ነገር ተመልከቱ፤ ሁለቱንም ጉልበቶቿን ዘርግታ ትራገጣለች ወይ? ትናንት ስትራገጥ የነበረች ዛሬ አንዱን እግሯን ካቆመች በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። በጊዜ ከተላላ ነርቩ በአብዛኛው ይመለሳል። እግሯ ካበጠ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ፣ ቆዳዋ ከቆሰለ፣ ወይም እግሯ ከጫማው እየወጣ ካስቸገረም ቀጠሮ አትጠብቁ።

ርኅራኄ የሚፈታው ማሰሪያ

ከጠፍሩና ከዘለበቱ ይልቅ ቤተሰብን የሚፈትነው ሰው ነው። ጎረቤት ይመጣና “ምነው ልጅቷን እንደ እንቁራሪት አሰራችኋት?” ይላል። ሌላው “ወጌሻ አንድ ቀን ያሻታል፤ ይሄ ሁሉ ለምን?” ይላል። ወጌሻ በአካባቢው የተከበረ ሰው ነው፤ ነገር ግን የሕፃን ልም አጥንት በእጅ ሲጎተት ደሙ ሊቋረጥ እንደሚችል ከላይ አይተናል። ለዚህ ሕመም ወደ ወጌሻ አትውሰዱ።

በአንድ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ሕፃኗ በስድስተኛ ሳምንቷ ማሰሪያ ታሰረላት። እናትና አባት የተባሉትን ሁሉ ያደርጉ ነበር። አራስ ሊጠይቁ ከገጠር የመጡት አያት ግን ሌሊት ሌሊት ሕፃኗ ስትነጫነጭ አንጀታቸው አልችል ብሎ ማሰሪያውን ይፈቱና ንጋት ላይ መልሰው ያስሩታል። በሁለተኛው ሳምንት ምርመራ ኳሱ ከነበረበት አልተነቃነቀም። ወላጆቹ ተያዩ፤ ባል ሚስትን፣ ሚስት ባልን ሊጠረጥር ምንም አልቀረው። አያት ግን ራሳቸው ተናገሩ። አባትየው አልተቆጣም። በሚቀጥለው ቀጠሮ “እማዬ፣ አብረን እንሂድ” ብሎ ወሰዳቸው፤ ሐኪሙም በአልትራሳውንዱ ላይ ኳሱንና ሲኒውን አሳያቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ “ማሰሪያውን የሚነካ እጁ ይሰበር” እያሉ የሚጠብቁት እርሳቸው ሆኑ። ከአራቱ ሳምንታት ሁለቱ ባክነው ነበር፤ ዳሌው የገባው በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ሕፃኗን የሚይዝ ሰው ሁሉ፣ ሞግዚትም ብትሆን፣ አንድ ጊዜ ሐኪሙ ዘንድ ትምጣ እንላለን። ከእናንተ አሥር ጊዜ ማስረዳት የእርሱ አንድ ጊዜ ማሳየት ይበልጣል።

ሌላው ፈተና ክርስትና ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው። ማሰሪያው በ45 ቀኗ አካባቢ ከታሰረ 80ኛው ቀን በአምስተኛው ሳምንት ላይ ይውላል፤ ማለትም በሕክምናው መካከል ነው። ድግሱ ተደግሶ፣ የክርስትና እናት ተጠርታ፣ በማለዳ “ምን እናድርግ?” ከማለት በፊት በነበረው ቀጠሮ ቀኑን ለሐኪሙ ንገሩት። ዳሌው ጸንቶ ከሆነ ለሥርዓቱ ያህል እንዲፈታ ሊፈቅድ፣ እንዴት እንደሚታሰርም ሊያሳያችሁ ይችላል። አልፈቀደም ከሆነ ለካህኑ አስቀድማችሁ ብታስረዱ መላ አይጠፋም። ለፎቶግራፍ ተብሎ ቀኑን ሙሉ ማውለቅ ግን አይሆንም። ነጩ ቀሚስ ሰፊ ከሆነ ማሰሪያው አይታይም።

የት ይገኛል?

ማሰሪያውና የአጥንት ሐኪሙ በየክሊኒኩ አይገኙም። እኛ መርምረን ከጠረጠርን የአጥንት ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል እንልካችኋለን። በአዲስ አበባ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል የሕፃናት አጥንት ሕክምና ከሚሰጥባቸው ቦታዎች መካከል ናቸው። ከክፍለ ሀገር ከተማ የምትመጡ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት በየሳምንቱ ማን እንደሚያያት፣ የት እንደምታርፉ፣ ለመኪናው ከየት እንደምታመጡ ተመካከሩ። ማሰሪያን አስሮ ለሁለት ወር ወደ አገር ቤት መመለስ ካለማሰር የከፋ ሊሆን ይችላል።

አሜሪካ፣ እስራኤል ወይም አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችን ሲወልዱ ሐኪሞች የአራሱን ዳሌ እዚያው ይመረምራሉ። “ልጄን ማሰሪያ አሰሩብኝ” ብላ የምትደውል እኅት ካላችሁ አይዞሽ በሏት፤ ከአገር ቤት ሆናችሁ “ፍቺው” አትበሏት። በሌላ በኩል ከውጭ በሻንጣ ተልኮ የመጣ ማሰሪያ ይዘው የሚመጡ አሉ። መልካም ነው፤ ወደ ሐኪሙ ይዛችሁት ሂዱ። ልኩን ሳያውቁ በቤት ማሰር ግን አይቻልም።

ማሰሪያው ከወለቀ በኋላ

ሐኪሙ “በቃ” ሲል አንዳንዱ ማሰሪያውን በአንድ ጊዜ ያወልቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ሌሊት ብቻ እንዲታሰር ያዝዛል። ሕፃኗ ለጥቂት ቀናት እግሮቿን እንደለመደችው አንፈራጥጣ ትተኛለች። በእጃችሁ አትግጠሟቸው፤ ራሷ ታቃናቸዋለች። መዳኗ በራጅ እንዲረጋገጥ ስድስት ወር ሲሞላት፣ ከዚያም አንድ ዓመት አካባቢ፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው ይዛችኋት ትሄዳላችሁ። ደህና የነበረ ሲኒ ከጊዜ በኋላ እድገቱ ሊዘገይ ስለሚችል ክትትሉ መሄድ ከጀመረችም በኋላ ይቀጥላል። የአልትራሳውንዱን ወረቀትና የራጁን ፊልም ከክትባት ካርዷ ጋር አስቀምጡ። ሌላ ልጅ ስታስቡም ይህንኑ ይዛችሁ ኑ፤ የሚወለደው ዳሌው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይታያል፤ በስድስተኛው ሳምንትም፣ በእጅ ሲመረመር ደህና ቢመስል እንኳ፣ አልትራሳውንድ እንዲነሣ እንልከዋለን።